ከሥራ ሲለቁ አይጥፉ

ደብረ ብርሃን ላይ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ቅሬታውን ሲያወራ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንድ ነው፤ «ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ቀረ» ይላል። ስልክ ቢደወል አይነሣም፤ የሥራ ልብሱ እንደተሰቀለ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሠራተኛውን የጠየቀ ደግሞ የሌላውን ወገን ይሰማል። «ብናገር ኖሮ ደመወዜን ይይዙብኝ ነበር» ይላል አንዱ። «አለቃዬ ብዙ ውለታ ውለውልኛል፤ በምን ዓይኔ አይቻቸው ልናገር?» ትላለች ሌላዋ። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው፣ ሁለተኛው ይሉኝታ። አብዛኛው ሰው ሳይናገር የሚጠፋው አስተዳደግ በድሎት አይደለም። ሕጉ ምን እንደሚሰጠው ስላላወቀና አፉን በምን ቃል እንደሚከፍት ስለቸገረው ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሥራን በአግባቡ መልቀቅ ለአሠሪው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ከማንም በላይ የሚጠቀመው ለቃቂው ራሱ ነው። የጠፋ ሰው ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ክፍያ፣ ምናልባትም የስንብት ክፍያውን፣ ዓመታት የደከመበትን የሥራ ልምድ ማስረጃ ጥሎ ይሄዳል። ሲቀጠር ዋስ የሆነለትን አጎቱን ወይም ጎረቤቱንም ጣጣ ውስጥ ይከታል።

በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ ይህ ነገር ይከብዳል። በንጉሡ ዘመን የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ትልቅ ቀጣሪ ነበር። በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተጨመረ፤ ሐበሻና ዳሽን የቢራ ፋብሪካዎቻቸውን ተከሉ፤ በ2011 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በዚህ ላይ ባንኮቹ፣ የግል ክሊኒኮቹና ሆቴሎቹ አሉ። ሥራ መቀየር ከአባቶቻችን ጊዜ ይልቅ ዛሬ በጣም ቀሏል። ሰዉ ግን ያው ነው። ዛሬ ጥለውት የሄዱት ፎርማን ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላው ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ ይጠብቅዎታል። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋ የእናትዎ የጽዋ ማኅበርተኛ ናት። አዲሱ ቀጣሪ ማመልከቻዎን ሲያይ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ስልክ አንሥቶ የቀድሞውን አለቃ «ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?» ማለት ነው።

ስለዚህ ከሕጉ እንጀምር። በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በግል ባንክ፣ በግል ትምህርት ቤትና በመሳሰሉት ድርጅቶች ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ ከእሱ በፊት የነበረውን 377/1996 የተካ ነው። አንቀጽ 31 እንዲህ ያለ ነገር ይደነግጋል፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም፤ የአሠሪውም ፈቃድ አያስፈልገውም። ብዙ ሠራተኛ ደብዳቤ ካስገባ በኋላ «እስኪፈቀድልኝ እየጠበቅሁ ነው» ሲል ይሰማል። በግል ድርጅት ግን የሚያስገቡት ደብዳቤ ማስታወቂያ ነው፤ ፈቃድ መጠየቂያ አይደለም። ይህን ማወቅ ብቻውን ግማሹን ፍርሃት ያስወግዳል።

ቀኑ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው በአግባቡ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። ደብዳቤው ኅዳር 1 ቀን ገብቶ ማግስቱ የሥራ ቀን ከሆነ ቆጠራው ኅዳር 2 ይጀምራል፤ ሠላሳኛው ቀን ታኅሣሥ 1 ላይ ይውላል። ወሮቻችን እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው። ልዩነቱ ዓመቱ ሲዞር ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው ጳጉሜን ሳይቆጥር ይቀርና «አንድ ወር ሞላኝ» የሚለውን ቀን ያሳስታል። ጳጉሜም ቀን ነው፤ ይቆጠራል። ቆጠራው ነሐሴ 20 የጀመረ ሰው ጳጉሜ አምስት በሆነችበት ዓመት መስከረም 14 ላይ ሠላሳ ይሞላዋል።

ሠላሳውን ቀን ሳያከብር የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ሊከፍል ይችላል። አዋጁ ለዚህ ካሳ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ከሠላሳ ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ይህም ቀሪ ክፍያው ላይ ሊታሰብ ይችላል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። አንድ ወር ሙሉ ሠርቶ ማግኘት የሚቻለውን ደመወዝ፣ በአንድ ጠዋት መጥፋት ያሳጣል ማለት ነው።

ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አንደኛው የሙከራ ጊዜ ነው። አዲሱ አዋጅ የሙከራ ጊዜውን እስከ 60 የሥራ ቀን አድርጎታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራው ያልተስማማው ሰው ሳያስጠነቅቅ ሊለቅ ይችላል። ቢሆንም አንድ ቃል ተናግሮ መሄድ ምን ይጎዳል? ሁለተኛው ከባድ በደል ሲኖር ነው። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመበት፣ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ካደረሰ፣ ለጤናና ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ ተነግሮት ካላስወገደ፣ ወይም ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ፣ ሠራተኛው ወዲያውኑ ሊሄድ ይችላል። እዚህም ላይ ግን ዝም ብሎ መጥፋት አይደለም። የለቀቀበትን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካበቃበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ቀሪ ይሆናል። ትንኮሳ ደርሶባት ከጓደኞቿ ጋር እያለቀሰች ወር ያሳለፈች ልጅ ይህ ጊዜ እንዳያልፍባት የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እባካችሁ ንገሯት።

አሁን ወደ አነጋገሩ እንምጣ። ደብዳቤ ከመግባቱ በፊት የቅርብ አለቃን በቃል ማናገር የእኛ አገር ወግ ነው፤ ልክም ነው። መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ከሰዓታት በላይ ምስጢር ሆኖ አይቆይም። አለቃ ዜናውን ከሻይ ቤት ከሰማ የሚቀየመው ስለመልቀቅዎ ሳይሆን ከሰው ሁሉ ኋላ ስለሰማ ነው። ጊዜ ይምረጡ። የፈረቃ መቀየሪያ ሰዓት ላይ፣ ማሽን ተበላሽቶ ሁሉም በሚሯሯጥበት ጊዜ፣ ወይም ሌሎች ሠራተኞች በቆሙበት አይሁን። «ጋሼ፣ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከራሴ ይስሙት ብዬ ነው። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። ሠላሳ ቀኔን ሠርቼ፣ በእጄ ያለውን አስረክቤ ነው የምሄደው። እስከ ዛሬ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» ቢባል በቂ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «ምን ጎደለብህ?» ይባላል። ጥያቄው ከልብ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ግን የዓመታት ቂም ማራገፊያ መሆን የለበትም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እውነተኛ ምክንያት ካለና ለቀሩት ሠራተኞች የሚጠቅም ከሆነ በእርጋታ ይናገሩት። «የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ ስለሌለው ከበደኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እናንተ ሰው አትወዱም» ማለት ሌላ። ስም አይጥሩ፤ ከጓደኛዎ ጋር የነበረዎትን ኩርፊያም የመሰናበቻ ርዕስ አያድርጉት። በሐሰት ምክንያት ማመካኘት ግን አይገባም። እናቴ ታማብኝ ነው ብሎ የለቀቀ ሰው በሳምንቱ ማዶ ካለው ፋብሪካ ሲወጣ ይታያል፤ ደብረ ብርሃን ያን ያህል ሰፊ አይደለችም።

ደመወዝ እንጨምርልህ ሊባሉ ይችላሉ። በትንንሽ ድርጅቶች ደግሞ አሠሪው ለሁለታችሁም የሚቀርብ ሽማግሌ ሊልክ ይችላል። ለዚህ አስቀድመው ይዘጋጁ። ጭማሪው የሚያስቀርዎት ከሆነ ደብዳቤ ሳያስገቡ አስቀድመው ጭማሪ መጠየቅ ይሻል ነበር። ከወሰኑ በኋላ ግን መልሱ አንድና አጭር ይሁን፦ «አክብራችሁኛል፤ አመሰግናለሁ፤ ቃል ስለገባሁ ልሂድ።» በይሉኝታ «እሺ እቀራለሁ» ብሎ በሦስተኛው ቀን መጥፋት ከሁሉም የከፋው ነው።

ቃሉ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ይቀጥላል። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። አንድ ናሙና እነሆ፦

ቀን፦ ኅዳር 1 ቀን …… ዓ.ም.

ለ…… ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራ የምለቅ መሆኔን ስለማሳወቅ

ከ…… ዓ.ም. ጀምሮ በ…… ክፍል በ…… የሥራ መደብ ሳገለግል ቆይቻለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ከታኅሣሥ 2 ቀን ጀምሮ ሥራ የምለቅ መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ። በእጄ የሚገኘውን ሥራና ንብረት እስከዚያው አስረክባለሁ፤ የሚተካኝ ሰው ከተመደበም ሥራውን አሳየዋለሁ። የሥራ ውሌ ሲቋረጥ የሚገባኝ ክፍያና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በቆይታዬ ለተደረገልኝ ትብብር ሁሉ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር

ግልባጭ፦ ለ…… ክፍል ኃላፊ

ምስጋናው ይኑር፤ ሐሰት ግን አይሁን። በደል የተፈጸመበት ሰው «ስለተደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ» ብሎ መጻፍ የለበትም፤ ኋላ ክርክር ቢነሣ ቃሉ ተመልሶ ይመጣበታል። ቅሬታ ካለ በሌላ ደብዳቤ ለብቻው ይቅረብ።

የደብዳቤው ዋጋ ያለው በደረሰኙ ላይ ነው። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትተው ይመለሱ፤ መዝገብ ቤት የሌለው ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርምበት። «እሺ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው» በሚል ብቻ አይሂዱ። አልቀበልም ያለ ካለ ምስክር ይዘው ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ማድረስ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ መላክ ይቻላል። ሠላሳው ቀን መቼ እንደጀመረ የሚያረጋግጥልዎት ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

የሥራ ቦታቸውና ዋናው መሥሪያ ቤታቸው የተራራቁ ሰዎች እዚህ ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ። አንኮበር ላይ በቅርንጫፍ ወይም በፕሮጀክት የሚሠራ ሰው የሰው ኃይል ክፍሉ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ነው ያለው። ደብዳቤውን ለአንኮበሩ ተጠሪ ሰጥቶ፣ ተጠሪው ወደ ከተማ ሲወርድ ያደርስልኛል ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። በክረምቱ ጭጋግ፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ሳምንት ይከርማል። ተጠሪው ራሱ ፈርሞ ይቀበል። የፈረመበትን ቅጂ ፎቶ አንሥተው ለዋናው መሥሪያ ቤት በቴሌግራም ይላኩ፤ ደውለውም መድረሱን ያረጋግጡ። ፎቶው የወረቀቱ ምትክ አይደለም፤ ጊዜውን ግን ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሠላሳ ቀን የዕረፍት ጊዜ አይደለም። በሕጉ በማስጠንቀቂያው ጊዜ የሁለቱም ወገን ግዴታ እንደጸና ይቆያል፤ እርስዎ ይሠራሉ፣ አሠሪው ይከፍላል። ሰዎች የሚያስታውሱዎትም በአምስት ዓመቱ ሥራ ሳይሆን በመጨረሻው ወር ነው። ማርፈድ የጀመረ፣ «እኔማ ለቅቄያለሁ» እያለ በየማሽኑ የሚዞር፣ የቀሩትን «እናንተም ውጡ» እያለ የሚቀሰቅስ ሰው ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ወር ያበላሸዋል።

ርክክብ የዚህ ወር ዋና ሥራ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና አሠራሩን በተከተሉ ድርጅቶች ንብረት የወጣልዎት በሞዴል 22 ከሆነ ሲመልሱ ሞዴል 19 ይቆረጥልዎ። ላፕቶፑ፣ የደህንነት ጫማው፣ መታወቂያው፣ ቁልፉ፣ ሲም ካርዱ ሁሉ በፊርማ ይመለስ። ከዕቃው ይልቅ የሚረሳው ግን በጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። የትኛው አቅራቢ በዱቤ እንደሚሰጥ፣ የቦይለሩ ግፊት ሲወርድ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው ደንበኛ ያልከፈለው ሒሳብ እንዳለ፣ የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ ተጽፎ ይቅር። ሁለት ገጽ ይበቃል። የሚተካዎትን ሰው ጎንዎ አስቁመው ካሳዩትማ የተሻለ ነው።

ስለ ርክክብ ካነሣን አገር ሁሉ ያየውን ምሳሌ ልጥቀስ። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ሲያሳውቁ በማግስቱ ቢሮውን ዘግተው አልወጡም። ተተኪው እስኪመረጥ በሥራቸው ቆይተው መጋቢት 24 ቀን ለዶክተር ዐቢይ አሕመድ አስረከቡ፤ በመካከሉ 46 ቀን አለ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳም ሰኔ 2015 ከምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት እንደሚለቁ ሲያስታውቁ ምክንያታቸውን በአጭሩ፣ ጤናቸው እንደሆነ ተናገሩ፤ ማንንም አልወቀሱም። ስለ ፖለቲካቸው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሐሳብ ይኖረዋል። አወጣጣቸው ግን በአደባባይ የታየ ሥርዓት ነው፤ ለመጋዘን ሠራተኛም ያገለግላል።

የወረቀት ያልሆኑ ዕዳዎችም አሉ። በመሥሪያ ቤት ዕቁብ ላይ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ሲለቅ ቀሪውን እንዴት እንደሚከፍል ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ተነጋግሮ ይፈርም። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው የሚያስከፍለው ድርጅቱን ሳይሆን እንደ እሱው ከወር ወር የሚቸገሩ ባልደረቦቹን ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ቁጠባዎን ይጠይቁ፤ ብድርም ካለ ይወያዩበት። የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ በሠራተኛነትዎ በዝቅተኛ ወለድ የተሰጠዎት ብድር ሲለቁ ምን እንደሚሆን ደብዳቤ ከማስገባትዎ በፊት ውሉን ያንብቡ፤ በኋላ የሚመጣው ክፍያ ከአዲሱ ደመወዝ ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል። ድርጅቱ ለሥልጠና ልኮዎት «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለው ፈርመው ከሆነም እንዲሁ።

ዋስዎን አይርሱ። ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ይጠየቃል። ያ ዘመድ በእርስዎ አመኔታ ስሙን አስይዟል። ክሊራንሱ ሲያልቅ የዋስትናው ወረቀት እንዲመለስ ወይም መሰረዙ በደብዳቤ እንዲረጋገጥ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ወስደው ለዋሱ ይስጡት። ሲቀጠሩ ያስያዙት የትምህርት ማስረጃ ዋናው ከሆነም ተቀብለው ይውጡ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይጠቅማል። ሲለቁ የሚከፈለው የሠሩበት ቀን ደመወዝ፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓትና ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ነው። በአዋጁ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ሳይወሰድ የቀረው ውሉ ሲቋረጥ ወደ ገንዘብ ይለወጣል።

የስንብት ክፍያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ምንም አያገኝም የሚሉ አሉ፤ የለቀቀ ሁሉ ያገኛል የሚሉም አሉ። አዋጁ መካከል ላይ ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝዎ 200 ብር ቢሆን ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀኑ 6,000 ብር ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 2,000 ብር ይጨመራል። አምስት ዓመት ያገለገለ 14,000 ብር፣ አሥር ዓመት ያገለገለ 24,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ግብር የሚቆረጥ ከሆነ ከዚህ ይነሣል። ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። እንግዲህ አራት ዓመት ከአሥር ወር የሠራ ሰው ደብዳቤ ለማስገባት ከመቸኮሉ በፊት የቅጥር ደብዳቤውን አውጥቶ ቀኑን ይመልከት። አዲሱ ቀጣሪ ሁለት ወር የሚታገሥ ከሆነ መታገሡ በዚህ ምሳሌ 14,000 ብር ያወጣል።

ይህ ሁሉ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ርክክቡን በማስጠንቀቂያው ወር ውስጥ ጨርሱ የምለው ስለዚህ ነው። በሒሳቡ ካልተስማሙ አሠሪው ያመነውን ያህል ይከፍላል፤ ክርክሩ በቀረው ላይ ይሆናል። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ በፍርድ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። የጡረታ መዋጮም ጠፍቶ አይቀርም። ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ የነበረው አገልግሎትዎ ወደ አዲሱ ድርጅት ስለሚቀጥል የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሌላ አዲስ ቁጥር አያውጡ።

የሥራ ልምድ ማስረጃ በችሮታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ተቀይሜበታለሁ ብሎ መከልከል አይቻልም። ስምዎ በመታወቂያዎ እንዳለው መጻፉን፣ ዘመኑ ከቅጥር ደብዳቤው ጋር መግጠሙን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ የአንድ ፊደል ስሕተት ኋላ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ያመላልሳል። ሕጉ አሠሪውን ማመስገን አያስገድደውም። «ታማኝና ትጉ ነበር» የሚለው መስመር የሚጨመረው በመጨረሻው ወር አኳኋንዎ ነው።

እስካሁን ያልሁት የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከት ነው። መምህሩ፣ የጤና ጣቢያ ነርሷ፣ የወረዳ ባለሙያው የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ የፌዴራሉና የክልሉ የተለያዩ ናቸው፣ በየጊዜውም ይሻሻላሉ። በፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 ለምሳሌ ሠራተኛው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበረበት፤ በቀላሉ የማይተካ ከሆነ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መልቀቂያውን እስከ ሦስት ወር ሊያቆይበት ይችል ነበር። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ አዲሱን ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ከመፈረሙ በፊት አሁን የጸናውን ሕግ ከራሱ የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቅ። በመንግሥት ወጪ ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ዶክትሬት ተምሮ የአገልግሎት ውል የፈረመ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ያን ሳይጨርስ መልቀቂያ ማግኘት ይቸግረዋል።

በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈኑም። ከመንዝ፣ ከጣርማ በር፣ ከአንኮበር መጥተው በደብረ ብርሃን ቤቶች የሚሠሩት ልጆች የሚለቁት በወግ ነው። «እትዬ፣ ሌላ ሰው እስኪያገኙ ልቆይልዎት» ማለት ክብር ነው፤ ደመወዟን ቆጥሮ ሰጥቶ መሸኘት ደግሞ የእትዬ ግዴታ ነው። ይህ የራሱ ሰፊ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሁሉን በሥርዓት አድርገው ክፍያዎ ወይም ማስረጃዎ ቢከለከል ያን ማህተም ያረፈበት ቅጂ ይዘው በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚይዘው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ካልተፈታም ፍርድ ቤት አለ። አይዘግዩ። ከደመወዝና ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኛ ለምን ይጠፋል ስትሉ፣ ባለፈው ዓመት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የለቀቀውን ሰው ምን እንዳደረጋችሁት አስታውሱ። ደብዳቤ ባስገባ ማግስት ወደ ከባዱ ክፍል ከተዛወረ፣ ክፍያው ሦስት ወር ከተጎተተ፣ ልምዱን ለማግኘት አሥር ጊዜ ከተመላለሰ፣ የቀሩት ሁሉ አይተዋል፤ መናገር እንደሚያስቀጣ ከእናንተ ተምረዋል። ቀጣዩ ሰው እንዲነግራችሁ ከፈለጋችሁ የዛሬውን ለቃቂ ፊት ሳታጠቁሩ ሸኙት፣ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ክፈሉት፣ ማስረጃውን ጽፋችሁ በእጁ ስጡት።